ለፈረሶቻችን የክትባት ቀን ቁረጡልን

እንፍራንዝ፣ ሚያዝያ

ለእንፍራንዝና ለአካባቢው የእንስሳት ጤና አገልግሎት ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፤
እንዲሁም በከተማውና በዙሪያው ቀበሌዎች ለምትኖሩ ባለ ፈረሶች፣ ባለ በቅሎዎችና ባለ ጋሪዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ወገኖቼ፤

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲለመልም፣ ለከብት ጥጋብ ሲመጣ፣ ፈረስ የሚሞትበት ወቅት ይገባል። ማታ ገፈራውን ጨርሶ የገባ ፈረስ ጠዋት ራሱን ደፍቶ ይገኛል። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ሞልቶ ይነፋል፤ ዓይኑ ይቀላል፤ የፊት እግሮቹን ከፍቶ፣ አንገቱን ዘርግቶ አየር ለመሳብ ይታገላል። አንዳንዱ ከአፍንጫው የሳሙና የሚመስል ነጭ አረፋ እየደፈቀ በሰዓታት ውስጥ ይወድቃል። ጎረቤት ይሰበሰብና ምክንያት ይፈለጋል፤ ምች መታው፣ ዓይን በላው፣ ክፉ ሣር ቀመሰ፣ ላቡ ሳይደርቅ ውኃ ጠጣ ይባላል። ከዚያ ቆዳውም ሥጋውም ለማንም የማይሆን እንስሳ ከመንደር ውጭ ተጎትቶ ይጣላል፤ ባለቤቱም የሚቀጥለውን ፈረስ የሚገዛበትን ዓመት መቁጠር ይጀምራል።

በዚህ መልክ ከሚሞቱት ፈረሶች ብዙዎቹን የሚገድላቸው የታወቀ በሽታ ነው። ባለሙያዎች የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ይሉታል። መንስኤው ቫይረስ ሲሆን ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚያሸጋግረው ትንኝ ነው፤ ዓይን ልብ የማይላት፣ ከረግረግና ከእርጥብ ፍግ የምትፈለፈል፣ ከማምሻ እስከ ንጋት የምትናከስ ትንኝ። በሳንባው መንገድ የያዘው ፈረስ ከመቶ ዘጠና አምስቱ ያህል አይተርፍም። በልቡ በኩል የመጣበት ፊቱና አንገቱ አብጦ ቀናት ይሰነብታል፤ ከዚህኛው የሚተርፍ አለ። በቅሎ ከፈረስ ትንሽ ትሻላለች። አህያ ግን ብዙውን ጊዜ ሳትታመም በሽታውን ተሸክማ ታልፋለች፤ አህያዋ ደህና ሆና ሳለ አብሯት ያደረው ፈረስ ሲሞት ሰው ቡዳን የሚጠረጥረው ለዚህ ይመስለኛል።

ይህ በሽታ መድኃኒት የለውም። ትኩሳት ማብረድ፣ ማሳረፍ፣ ውኃ ማቅረብ ይቻላል፤ ቫይረሱን የሚገድል መርፌ ግን የትም አገር የለም። ያለው ክትባት ነው። ክትባቱም አገር ውስጥ ይመረታል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ከሚያመርታቸው ክትባቶች አንዱ ነው። ከቢሾፍቱ እስከ ጣና ዳር ፈረስ ጋጣ ድረስ ያለው መንገድ እንዲስተካከል ለመጠየቅ ነው ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት። መንገዱ የሚበላሸው በእናንተ በኩልም በእኛም በኩል ስለሆነ ለሁላችንም በአንድ ወረቀት ጻፍሁት።

መጀመሪያ ስለ ቀኑ። ክትባት የተሰጠው ፈረስ ያን ዕለት ማታ አይጠበቅም። ሰውነቱ መከላከያውን እስኪሠራ ሦስትና አራት ሳምንት ይፈጃል። ትንኟ የምትበዛው ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም ጀምሮ ውርጭ እስኪጠና ድረስ ነው። ስለዚህ ክትባቱ መሰጠት ያለበት በግንቦት፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በሰኔ መጀመሪያ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ሳይሆን፣ ገበሬው በእርሻ ሳይጠመድ። በብዙ ቦታ የሚታየው ልማድ ግን ሌላ ነው። ጥቅምት ላይ ሁለት ሦስት ፈረስ ይሞታል፤ ቀበሌው ያመለክታል፤ ወረዳው ይጠይቃል፤ ክትባቱ ሲደርስ ኅዳር ተጋምሷል። ያኔ የሚከተበው ፈረስ ቫይረሱ ደሙ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በሦስተኛው ቀን ይሞትና «ክትባቱ ገደለው» ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት የዚያ መንደር ሰው ፈረሱን ይዞ አይወጣም፤ እኔም ብሆን አልወጣም ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ተራ ነው። በእቅድ ላይ ፈረስ የመጨረሻው ተሰላፊ ነው። ለበሬ የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ዘመቻ አለ፤ ለበግና ለፍየል አለ፤ ለዶሮ እንኳ የፈንግል ክትባት በየጊዜው ይታወጃል። እነዚህ ይታለባሉ፣ ይታረዳሉ፣ ለውጭ ገበያ ይቀርባሉ፤ በሪፖርት ላይ ቁጥር ይሆናሉ። ፈረስ አይታለብም፣ አይበላም። ሥራው ግን እህል ከማሳ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ወፍጮ ማድረስ ነው፤ ምጥ የጠናባትን ሴት መኪና ካለበት መንገድ ያወጣል፤ በጋሪ ላይ ተጠምዶ የአንድ ቤተሰብ የዕለት እንጀራ ይሆናል። ኢትዮጵያ ውስጥ 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረስ እንዳለ ይገመታል፤ በአፍሪካ ይህን ያህል ፈረስ ያለው አገር ጥቂት ነው። ይህን ሁሉ ፈረስ የሚያነሣ መስመር በየወረዳው የክትባት እቅድ ላይ እንዲኖር መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

ፈረስን ክብር ስለመንፈግ ጎንደሬ ሊከሰስ አይገባውም ነበር። ከፋሲል መዋኛ አጠገብ የዞብል መቃብር የሚባል፣ ለንጉሥ ፈረስ መታሰቢያ ተሠራ የሚባልለት ሕንጻ ቆሟል። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሶቻቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። ጥር 11 ቀን በጎንደር ታቦታቱን የሚያጅቡትን ፈረሰኞች ለማየት ከዓለም ዳርቻ እንግዳ ይመጣል። ፈረሱ በቀይ መጣምር ተሸልሞ ሲወጣ ሁላችንም እናጨበጭባለን። ያ ፈረስ ግንቦት ላይ ተከትቦ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን አላየሁም። እንዲያውም ለበዓል ተብሎ ከብዙ ወረዳ የመጡ ፈረሶች በአንድ ሜዳ ላይ መታሰራቸው ለበሽታ የሚመች ነገር ነው። ለበዓሉ የሚመዘገብ ፈረስ የክትባት ወረቀት እንዲያሳይ ቢደረግ ማን ይጎዳል?

እንዲህ ያለውን ነገር በማኅበር መሥራት እንደሚቻል ከጎረቤታችን ከአዊ ማየት እንችላለን። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር የሚሰበሰበው ፈረሰኛ ብዛት አገር ያወቀው ነው። ማኅበሩ ከበዓልም አልፎ ሰው ያስታርቃል፣ በችግር ይረዳዳል። ባለ ፈረሶችን በስም የሚያውቅ፣ በአንድ ቃል የሚጠራ ማኅበር ባለበት አገር ለክትባት ፈረስ መሰብሰብ ይቀላል። እኛ ግን ዕድርም ማኅበርም ሞልቶን ሳለ ለፈረስ የሚሆን አንድም አላቋቋምንም። ቢያንስ ባለ ጋሪዎቹ በአንድ ተራ የሚቆሙ ስለሆኑ ከእነሱ መጀመር ይቻላል።

አሁን ደግሞ አንድ ደስ የማይል ነገር፤ ለኃላፊዎቹ የምለው ነው። ይህ ቫይረስ ዘጠኝ ዓይነት አለው። ለአንዱ የተሠራ ክትባት ለሌላው በቂ መከላከያ ላይሆን ይችላል። በአገራችን ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የኖረው ክትባት የተሠራው 9ኛውን ዓይነት ለመከላከል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2010 በኢትዮጵያ ከተነሡ ወረርሽኞች ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ግን ከ9ኛው ሌላ 2ኛው፣ 4ኛው፣ 6ኛውና 8ኛው ዓይነትም ተገኝተዋል። ይህ በሳይንስ መጽሔት ታትሞ የወጣ ነገር ነው፤ ፈረሱን ይዞ ለሚሰለፈው ገበሬ ግን ማንም አልነገረውም። የተከተበ ፈረስ በሌላ ዓይነት ቫይረስ ሲሞትበት «ክትባት ውሸት ነው» ቢል በምን እንወቅሰዋለን?

ንገሩን። ገበሬ ይህን የማይረዳ አይምሰላችሁ፤ የዘንድሮው ዘር አንዱን ዋግ ሲቋቋም ለሌላው እንደሚበገር የሚያውቅ ሰው የቫይረስን ዓይነት መለያየት ሲነግሩት አይደናገጥም። «ይህ ክትባት አንዱን ዓይነት በደንብ ይከላከላል፤ ሌላው ቢመጣ ግን ላይበቃ ይችላል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ፈረስህን አስገባ» ብትሉት ይሰማችኋል። ከዚህ በላይ ደግሞ ፈረስ በሞተ ጊዜ ናሙና ይወሰድ። በእኛ አካባቢ የሚዞረው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ካልታወቀ የትኛው ክትባት ይምጣ ብሎ መከራከር በጨለማ መደንበር ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከእኛ ብዙ አይርቅም፤ ተማሪዎቹም ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ይፈልጋሉ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ብዙዎቹን ዓይነቶች በአንድነት የሚይዝ ክትባት በሁለት ዙር ይሰጣል። እዚህም ከአንድ ዓይነት በላይ የሚይዝ ክትባት እንዲመረት ወይም እንዲገባ ከታች፣ ከወረዳ የሚነሣ ጥያቄ ያስፈልጋል። ጥያቄው ያለ ናሙና ክብደት አይኖረውም።

በሽታው አቅም ባላቸው አገሮችም ቀልድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1959 በመካከለኛው ምሥራቅ ተነሥቶ እስከ ሕንድ በተዛመተ ጊዜ ከ300 ሺህ በላይ የጋማ ከብት ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በሽታውን አይታ በማታውቀው በታይላንድ ገብቶ ከ500 በላይ ፈረስ ገደለ። ባለ ፈረሶቹ ጋጣውን ሁሉ በመረብ ሸፈኑ፣ ክትባት ከውጭ መጣ፣ የፈረስ ዝውውር ታገደ፤ ወረርሽኙም በወራት ውስጥ ተገታ። እኛ ጋ በሽታው እንግዳ አይደለም፤ ነዋሪ ነው። ነዋሪ መሆኑ ነው ያለመደን።

ክትባት በኢትዮጵያ ምን እንደሠራም አንርሳ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በሬውን ሁሉ ጨርሶ ክፉ ቀንን ያመጣው የከብት ደስታ በሽታ ዛሬ በዓለም ላይ የለም። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም ከበሽታው ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ፤ ዓለም በሙሉ በ2003 ዓ.ም። ያን ያደረገው በየመንደሩ፣ በየበረሃው ሳይቀር ክትባት ተሸክመው የዞሩ ከታቾች ሥራ ነው። የፈረሱ በሽታ በትንኝ ስለሚተላለፍና በአህያም ስለሚሸሸግ እንደዚያ ከሥሩ ይጠፋል ብዬ አላታልላችሁም። መቀነስ ግን ይቻላል።

ወገኖቼ ባለ ፈረሶች፣ አሁን ወደ እኛ ልምጣ። የክትባት ቀን ያየ ሰው ያውቀዋል። ባለሙያው በሞተር ሳይክል ይደርሳል፤ ከኋላው በረዶ የያዘ ሣጥን ታስሯል። ከሣጥኑ ትንሽ ብልቃጥ ያወጣል፤ በውስጡ ያለውን ደረቅ ክትባት በማሟሚያው ፈሳሽ ይበጠብጠዋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰዓት ተቆጠረ ማለት ነው፤ የተበጠበጠ ክትባት ለነገ አይቆይም፣ ፀሐይም አይወድድም። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ፈረስ የሚበቃ ነው። አራት ፈረስ ብቻ ከመጣ የቀረው ይደፋል። እኛ ግን «እስቲ የእገሌን ፈረስ እንየውና» እያልን ከዳር ቆመን እናያለን፤ ሌላው ለገበያ ወጥቷል፤ ሌላው የሚቆጠር ፈረስ ግብር ያመጣል ብሎ ከጓሮ ደብቋል። ከታቹ ደፍቶ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ለዚያ ቀበሌ ብልቃጥ ለመጠየቅ እጁ ያጥራል። ይህን በእናንተ አላሳብብም፣ በሁላችንም ነው።

ፈረሱን ለክትባት ስትወስዱ ጥቂት ነገር አስቡ። የታመመ፣ ያተኮሰው፣ የከሳ ፈረስ ለባለሙያው ሳይነገር አይከተብ። እርጉዝ ባዝራ ከሆነች እርግዝናዋን ንገሩ፤ ክትባቱ ሕይወት ያለው የተዳከመ ቫይረስ ስለሆነ ባለሙያው ሊያዘገየው ይችላል። ውርንጭላዋም የእናቷ ወተት የሰጣት መከላከያ እስኪያልቅ፣ ስድስት ወር ገደማ እስኪሞላት ትጠበቅ። ከክትባት በኋላ ፈረሱ ትንሽ ሊያተኩሰው ይችላል፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ጭነት ቀንሱለት፣ ረጅም መንገድ አትውሰዱት። ለባለ ጋሪ ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ጋሪ የቆመበት ቀን ልጅ የሚጾምበት ቀን ነው። ለዚህ ነው ቀኑ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፤ ሰው ተበድሮም፣ ከጓደኛው ጋር ፈረስ ተቀያይሮም ያልፈዋል። ድንገት ሲመጣበት ግን የሚያስቀድመው የዛሬውን እንጀራ ነው።

መርፌውንም ተመልከቱ። በአንድ መርፌ ሃያ ፈረስ መውጋት ከአንዱ ደም ወደ ሌላው በሽታ ማጋባት ነው። ባለሙያው እጥረት ሊኖርበት ይችላል፤ እኛ አዋጥተን መርፌ ብንገዛ ከአንድ ፈረስ ዋጋ ጋር አይተካከልም።

ክትባት ሁሉን አይሸፍንም። ንድፍት ለሚባለው፣ በተለይ የጋሪ ፈረስን ቆዳ በመስመር በመስመር እያቆሰለ ለሚያደርቀው በሽታ ክትባት የለንም፤ መከላከያው ቁስልን ማጽዳት፣ ከዝንብ መጠበቅና የታመመውን ፈረስ ዕቃ ለሌላው አለማልበስ ነው። መንጋጋ ቆልፍ ከማንም ከብት ይልቅ ፈረስ ላይ ይከፋል፤ በኮርቻና በጋሪ ዕቃ የተላጠ ጀርባ፣ በሚስማር የተወጋ ሰኮና በሩን ይከፍትለታል። ለእሱ በውጭ አገር የሚሰጠው ክትባት እኛ ገበያ ላይ በቀላሉ አይገኝም፤ ቢገኝ ደግሞ ስለ ዋጋው ሳንነጋገር እንድንገዛው እመክራለሁ። አባ ሰንጋ በተነሣበት መንደር ፈረስም እንዳይረሳ፤ እብድ ውሻ የነከሰው ፈረስም እቤት ታስሮ የሚታከም ሳይሆን ወዲያው ለባለሙያ የሚነገር ነው፤ አፉን የነካ ሰውም ሐኪም ቤት ይሂድ።

ከደጋ ለሚገዙም አንድ ቃል። ብዙዎቻችን ፈረስ የምንገዛው ከወገራ፣ ከዳባት፣ ከደባርቅ ነው። ያ ፈረስ ብርድ ባለበት፣ ትንኝ በሚያንስበት ያደገ ነው፤ ወደ ጣና ዳር ረግረግ በመስከረም ሲወርድ ያልለመደው ነገር ይጠብቀዋል። መግዛቱ ካልቀረ በጋ ላይ ተገዝቶ ግንቦት ላይ ከሌሎቹ ጋር ይከተብ። ደላላውም «ጥርሱን እይ፣ ሰኮናውን እይ» ከሚለን ጋር ወረቀቱን ቢያሳየን መልካም ነው።

ወረቀት ስል፣ ከኃላፊዎቹ የምጠይቀው ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ የተከተበ ፈረስ ቀኑ፣ የክትባቱ ስምና የብልቃጡ መለያ ቁጥር፣ የፈረሱ መልክ የተጻፈበት ካርድ ይሰጥ። ዳማ ነው፣ ጉራቻ ነው፣ አምባላይ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ካርድ ያለው ፈረስ ሲሞት የሚጠየቅ ነገር ይኖራል፤ በየት በኩል እንደከሸፈ ይታወቃል፤ ቀኑ ዘግይቶ ነው ወይስ ክትባቱ በፀሐይ ተበላሽቶ ነው ወይስ ሌላ ዓይነት ቫይረስ ነው? ካርድ ከሌለ ሁሉም ወሬ ነው። ዋጋም ካለው አስቀድሞ ይነገር፤ ባለ ፈረስ ለኮርቻ የሚያወጣውን ያውቃል፣ ለክትባትም ያወጣል።

የጸጥታው ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር የበረዶ ሣጥኑም ይዘጋል። ስለዚህም ነው ሚያዝያ ላይ የምጽፈው። አንድ ቀን በሰላም ካለፈ ያን ቀን እንጠቀምበት፤ ማቀዝቀዣው መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይታሰብ፤ ወደ ቀበሌ መውጣት ካልተቻለ እኛ ፈረሶቻችንን ወደ ከተማ እናመጣለን።

እስከዚያ ድረስ ማምሻ ላይ ፈረስ ወደ ጋጣ ይግባ። ጋጣው ደጅ የሌለው ከሆነ አሮጌ አጎበር ይጋረድበት። ፍጉ በየጠዋቱ ይጠረግ፣ ከጋጣው በር ኩበት ይጫጫስ። ረግረግ ዳር ፈረስ ማሳደር ይቅር። በሽታ የተጠረጠረበት ፈረስ ሲኖር ለሌላ ሰው ለመሸጥ አንቸኩል፤ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በዚያው ዕለት እንንገር።

የክትባቱን ቀንና ቦታ ከወሰናችሁ በኋላ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉልን ይበቃናል። በቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ፣ በመስጊድ ከጁምዓ በኋላ፣ በጋሪ ተራና በገበያ እንዲነገር እኛ እናደርጋለን። ፈረሶቹንም ቆጥረን፣ ስንት ብልቃጥ እንደሚያስፈልግ አስቀድመን በጽሑፍ እንሰጣችኋለን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የእንፍራንዝ ባለ ፈረስ